ፊልሙን የባዕድ ያደረገው በሩን የዘጋበት ነው

ባሏ የሞተባት አንዲት ወጣት የሟቹን የፖሊስነት ሥራ ትተካለች። ሰሜን ህንድ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ካኪውን ለብሳ ሥራ እንደጀመረች አንድ ዳሊት፣ ማለትም የማይነኩ ከሚባሉት ወገን የሆነ አባት ልጄ ጠፋችብኝ ብሎ ጣቢያ ይመጣል፤ ይሳለቁበታል እንጂ የሚሰማው የለም። ቆይቶ የልጅቷ አስከሬን ከውኃ ጉድጓድ ይወጣል። «ሳንቶሽ» የተባለው ፊልም ከዚህ ይነሳል። ሳንድያ ሱሪ ያዘጋጀችው ይህ የሂንዲ ቋንቋ ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ (የህንዱን ጉዳይ በሚመለከት ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ብሪታኒያም ለኦስካር ውድድር ይወክለኛል ብላ ላከችው። የህንድ የፊልም ማረጋገጫ ቦርድ ግን በ2025 ፈቃድ ነፈገው። ቦርዱ ይቆረጡ ያላቸው ትዕይንቶች ከመብዛታቸው የተነሳ ታሪኩ ታሪክ ሆኖ እንደማይቀር አዘጋጇ ተናግራለች። ለንደንና ፓሪስ ያለ ሰው ትኬት ቆርጦ የገባበትን ፊልም፣ ፊልሙ የተቀረጸበት የላክናው አካባቢ ሰው በሰፈሩ ሲኒማ ቤት እንዳያይ ተከለከለ።

እንዲህ ያለ ፊልም በወጣ ቁጥር ህንድ ውስጥ የማይቀር ክስ አለ፤ የአገርን ገመና ለፈረንጅ ሸጠ የሚል። አዘጋጆቹ በበኩላቸው ያልተነገረ በደል አይታረምም ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች ከነጻነት ማግስት ጀምሮ ይህንኑ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ እስካሁንም አልተግባቡም። አለመግባባታቸውም የሚገርም አይደለም፤ አንዱ ስለ አገር ክብር፣ ሌላው ስለ እውነት እያወራ በመካከል የተረሳው ሰው አለና። የተረሳው በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ሰው ነው።

የዝግጅት ክፍላችን አቋም የሚነሳው ከዚህ ሰው ነው። የኅብረተሰብን ሕመም የሚያሳይ ፊልም በስንት የውጭ ሽልማት አገኘ አይመዘንም፤ የአገርን ስም ምን ያህል አጎደፈ በሚለውም አይመዘንም። ታሪኩ የተነገረበት ሕዝብ አይቶታል ወይ? መልስ ለመስጠት ዕድል አግኝቷል ወይ? ያየውን ይዞ የሚሟገትለት ማኅበር፣ ጠበቃ፣ የምክር ቤት አባል አለ ወይ? በዚህ ሚዛን ስናየው ፈረንጅን ከማስደሰት ያላለፉ ፊልሞች አሉ፤ እነሱንም በስማቸው እንጠራቸዋለን። ነገር ግን ሰባ ዓመት ያህል የዘለቀውን ሙግት ስንመረምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን የባዕድ ንብረት ያደረገው የአገር ውስጡን በር የዘጋበት ባለሥልጣን ወይም ሁከተኛ ሆኖ አግኝተነዋል።

ክሱን ከማንም በላይ ያስተጋባችው ዝነኛዋ ተዋናይት ናርጊስ ነበረች። በ1980 የህንድ ላይኛው ምክር ቤት አባል ሆና ከተሾመች በኋላ፣ የፊልም አዘጋጁ ሳትያጂት ራይ የህንድን ድህነት ወደ ውጭ እየላከ ስም ያተርፋል ስትል ወቀሰችው። ታዲያ ምን ያሳይ ብለው ቢጠይቋት ዘመናዊቷን ህንድ አለች፤ ዘመናዊቷ ህንድ ምንድን ናት ቢሏት ግድቦችን ጠቀሰች። ናርጊስ በ1957 በወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ራዳ የምትባለውን ገበሬ እናት ሆና የሠራች ሴት ናት። ራዳ በአራጣ አበዳሪ የተመዘበረች፣ ባሏ ሁለት እጆቹን አጥቶ ጥሏት የጠፋ፣ በበሬው ፋንታ ራሷ ማረሻውን የጎተተች ሴት ናት። ድህነቱ ከራይ ፊልሞች ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ፊልሙም እንደ ራይ ሥራዎች ውጭ አገር ሄዷል፤ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም እሱ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። «ማዘር ኢንዲያ» የሚከፈተው ያረጀችው ራዳ የመስኖ ቦይ መርቃ ስትከፍት ነው፤ መከራው ትዝታ ሆኗል፣ መንግሥት ደርሷል። ራይ ግን መከራው አላለፈም አለ። ያስቆጣውም ይህ ነው።

ስለ ራይ የሚባለው ሁሉ የሚጀምረው ከ«ፓተር ፓንቻሊ» ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። የፊልሙን ወጪ የሸፈነው ፈረንጅ አልነበረም። ራይ በራሱና በተበደረው ገንዘብ ጀምሮ መሐል ላይ ሲቆምበት፣ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ቢ.ሲ. ሮይ የክልሉ መንግሥት እንዲረዳው አደረጉ፤ ገንዘቡም በመንገድ ማሻሻያ በጀት ስም ተመዘገበ። ባለሥልጣናቱ ስለ መንደር ልማት የሚያስተምር ፊልም ጠብቀው ስለነበር መጨረሻው ተስፋ ሰጪ ሆኖ እንዲለወጥ ፈልገው ነበር። ራይ እምቢ አለ። ፊልሙን ያየ ሰው የማይረሳው አንድ ትዕይንት አለ። ትልቋ ልጅ ዱርጋ በክረምቱ ዝናብ ተደብድባ፣ በትኩሳት ሞታለች። አባት ሥራ ፍለጋ ከሄደበት ተመልሶ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ለቤተሰቡ ያመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ያወጣል፤ ለዱርጋ ብሎ የገዛውንም ሳሪ ለእናቲቱ ይሰጣታል። እናት ጨርቁን በጥርሷ ነክሳ ትወድቃለች። ጩኸቷ አይሰማም፤ በእሷ ድምፅ ፋንታ የሚሰማው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ይህን ለውጭ ገበያ የቀረበ ድህነት ነው ማለት የሚችል ሰው እናቲቱን አላያትም።

ደግሞስ ማን አየው? በ1955 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከታየ በኋላ በዚያው ዓመት ካልካታ ሲኒማ ቤቶች ገባ። መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አዳራሾቹ ሞሉ። የካን ሽልማት የመጣው ከዚያ በኋላ በ1956 ነው። ፊልሙን የወደደው ከፈረንጁ ዳኛ አስቀድሞ የቤንጋል ሰው ነበር። ራይ በ1981 የሠራው «ሳድጋቲ» ደግሞ ጭራሽ ለህንድ መንግሥት ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ነው፤ አንድ የቆዳ ፋቂ ዳሊት፣ ለልጁ ማጫ የሚሆን ቀን እንዲቆርጥለት የለመነው ብራህሚን እንጨት ፍለጥ ብሎት በባዶ ሆዱ ሲፈልጥ ውሎ ይሞታል። አስከሬኑን የሚነካ ይጠፋል። ይህ የተነገረው በሂንዲ፣ ለህንድ ቤቶች፣ በህንድ መንግሥት ጣቢያ ነው።

ከራይ ፊልሞች በፊትም ህንድ በዚህ ነገር ተፈትናለች፤ ፈተናውንም በክብር ያለፉ ሰዎች ነበሯት። በ1927 ካትሪን ሜዮ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ «ማዘር ኢንዲያ» የሚል መጽሐፍ አወጣች። በኋላ የናርጊስ ፊልም ይህን ስም ሆን ብሎ ለመልስ ወስዶታል። ሜዮ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ኑሮ፣ የማይነኩ የሚባሉትን ሰዎች በደል ዘርዝራ ይህ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ወደሚል መደምደሚያ ወሰደችው። ዓላማዋ የቅኝ ገዢውን ክርክር ማገዝ እንደነበር አያከራክርም። ማህተመ ጋንዲ መጽሐፉን የፍሳሽ ቦይ ተቆጣጣሪ ሪፖርት ነው ብለው ነቀፉት፤ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህችን ብቻ ነው። በዚያው ጽሑፋቸው ግን፣ ክሱን እሷ ባቀረበችበት መልክ አንቀበል እንጂ ከሥሩ ያለውን ቁም ነገር መካድ አይቻለንም ሲሉ ለወገኖቻቸው አሳሰቡ። መጽሐፉን ህንዳዊ ቢያነበው ይጠቀማል፣ የውጭ ሰው ባያነበው ይሻላል የሚል ነበር አቋማቸው።

በተግባር የሆነውም ይኸው ነው። የመላ ህንድ ሴቶች ጉባኤ የተመሠረተው በዚያው በ1927 ነው። ሀርቢላስ ሳርዳ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚከለክለውን ረቂቅ ያቀረቡትም በዚያው ዓመት ነው። የህንድ ሴቶች በሜዮ ስድብ ተናደዱ፤ ንዴታቸውን ግን ነገሩን ለመሸፈን አላዋሉትም። ረቂቁ ሕግ ይሁን፣ ዓለም ማን እንደሆንን ይወቅ ብለው ተሟገቱ። ሕጉ በ1929 ጸድቆ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 14፣ ለወንድ 18 ሆነ። ሕጉን ያመጣው የባዕዷ መጽሐፍ ነው ማለት ውሸት ነው፤ አስቀድሞ የተነሳ የአገር ልጅ ባይኖር መጽሐፉ ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የአገር ልጅ ስለነበር ግን በክፉ ልብ የተጻፈው እንኳ ለደግ ዋለ።

ይህን ካልን በኋላ ክሱ በእውነት የሚይዛቸውን ፊልሞች እንጥራ። «ቦርን ኢንቱ ብሮተልስ» በ2005 የኦስካር ሽልማት ያገኘ ዘጋቢ ፊልም ነው። ካልካታ ውስጥ ሶናጋቺ በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ተወልደው ያደጉ ልጆችን ያሳያል፤ አንዲት ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ካሜራ ሰጥታ ታስተምራቸዋለች፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ልታስገባቸው ትሯሯጣለች። የልጆቹ ፎቶዎች ልብ ይነካሉ። ፊልሙ የተወው ነገር ግን ሰፈሩን ራሱን ነው። ሶናጋቺ ከ1992 ጀምሮ የኤችአይቪ መከላከያ ሥራ የሚካሄድበት፣ ሴቶቹ ራሳቸው ደርባር የተባለ ማኅበር ያቋቋሙበት፣ በ1995 ደግሞ አራጣ አበዳሪን የሚያስቀር የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የመሠረቱበት ሰፈር ነው። በፊልሙ ውስጥ እናቶቹ የሚሳደቡና ልጆቻቸውን የሚጥሉ ሆነው ቀረቡ፤ የሚያድነው ሰው ከውጭ መጣ። ማኅበሩ ይህን ተቃውሞ ሲናገር የሰማው ጥቂት ነው። ፊልሙ ህንድ ውስጥ ለሕዝብ እንዳይታይ አዘጋጆቹ የወሰኑት የቤተሰቦቹን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱን እንረዳለን። ሆኖም ሴቶቹ ስለ ራሳቸው የተነገረውን አይተው የሚመልሱበት ዕድል ሳይኖር ሎስ አንጀለስ ላይ ጭብጨባ መቀበል ልክ አይደለም፤ ይህን ያለማመንታት እንፈርዳለን።

በ2009 ስምንት ኦስካር የወሰደው «ስላምዶግ ሚሊየነር»ም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊልሙ የሚያሳየው የሙምባይ ሰፈር ዳራቪ ቆዳ የሚለፋበት፣ ሸክላ የሚሠራበት፣ የከተማው ቆሻሻ ተለቅሞ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት የሥራ ሰፈር ነው። ፊልሙ ከዚያ ሁሉ ሥራ የልጅ ዓይን የሚያጠፉ ወንበዴዎችንና የዕጣ ፈንታ ተረትን መረጠ። ሰፈርተኞቹ በርዕሱ ውስጥ ያለውን «ውሻ» የሚል ቃል ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ልክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብም መናገር አለብን። ገለልተኛ የህንድ አዘጋጅ አገሩ ውስጥ ወጪ የሚችልለት ስለማያገኝ ወደ አውሮፓ የፊልም ድጋፍ ተቋማት ይሄዳል። ገንዘብ ሰጪው ምን ዓይነት ህንድ ማየት እንደለመደ አዘጋጁ ያውቃል፤ ማመልከቻውን ሲጽፍም ያ እውቀት በጣቱ ላይ ይቀመጣል። ይህ ተጽዕኖ የለም የሚሉትን አንቀበልም። ነገር ግን መድኃኒቱ የህንድ ፊልም ፌዴሬሽን በ2024 የሞከረው አይደለም። ካን ላይ ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት ያገኘውን የፓያል ካፓዲያን «ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» ለኦስካር ሳይመርጥ ቀረ፤ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ዳኞቹ ህንድ ውስጥ የተሠራ የአውሮፓ ፊልም የሚያዩ መስሏቸው ነበር አሉ። ፊልሙ ሙምባይ ውስጥ የሚሠሩ፣ ከኬራላ የመጡ ነርሶች ታሪክ ነው። የሚናገሩት ማላያላም ነው። በባቡር ተጨናንቀው ወደ ሥራ የሚሄዱ ሴቶችን የአውሮፓ ናቸው ማለት ከራስ ሰው መራቅ ነው።

ለውጥስ ከየት ይመጣል? በ2012 መገባደጃ ዴልሂ ውስጥ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ በአንዲት ወጣት ተማሪ ላይ የተፈጸመው የቡድን አስገድዶ መድፈርና ግድያ የማይረሳ ነው። የአገሪቱ ወጣቶች አደባባይ ወጡ፣ ውኃና አስለቃሽ ጭስ ተረጨባቸው፤ አልተመለሱም። የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጄ.ኤስ. ቬርማ የመሩት ኮሚቴ ተቋቁሞ 80 ሺህ የሚጠጉ አስተያየቶችን ተቀበለና በ29 ቀናት ሪፖርቱን አቀረበ። በ2013 የወንጀል ሕጉ ተሻሻለ፤ ሴትን እየተከታተሉ ማስጨነቅ፣ በድብቅ መቅረጽ፣ አሲድ መድፋት ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ሆኑ። በጋብቻ ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈርም ወንጀል ይሁን የሚለውን የኮሚቴውን ሐሳብ መንግሥት ሳይቀበል ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም። ብሪታኒያዊቷ ሌስሊ አድዊን የሠራችው «ኢንዲያስ ዶተር» የወጣው በመጋቢት 2015 ነው። ስለዚህ ህንድን የለወጣት ይህ ፊልም ነው የሚለው የውጭ ሰው ወሬ መሠረት የለውም።

የፊልሙ መታገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እስር ቤት ውስጥ ያለ ፍርደኛ ጥፋቱ የእሷ ነው ብሎ ሲናገር መታየቱ መንግሥትን አስቆጣ፤ እገዳ ወጣ፤ ነገሩ ህንድን የማዋረድ ሤራ ነው ያሉ ሚኒስትርም ነበሩ። ቢቢሲ ፊልሙን ቀኑን አስቀድሞ አሳየው። በዚያው ጊዜ ስመ ጥር የህንድ የሴቶች መብት ተሟጋቾችም ፊልሙ እንዲዘገይ ጠይቀው ነበር፤ ምክንያታቸው ይግባኙ ገና በፍርድ ቤት መሆኑ ነበር። ሁለቱን ተቃውሞ አንድ ማድረግ አይገባም። ተሟጋቾቹ የሰጉት ለፍርዱ ነው፤ ሚኒስትሮቹ የሰጉት ለስም ነው። ፍርደኛው የተናገረው ደግሞ በየሰፈሩ፣ በየቤቱ የሚነገር ነበር፤ ህንዳዊ አባትና ወንድም ሊሰማው የሚገባውም ለዚያ ነው። እገዳው ከሰሚዎቹ ሁሉ መስማት የነበረበትን ለይቶ ከለከለ።

ይህ ልማድ የቆየ ነው። በ1970 የፈረንሳዩ ሉዊ ማል ስለ ህንድ የሠራቸውን ዘጋቢ ፊልሞች ቢቢሲ በማሳየቱ የዴልሂ ቢሮው ተዘጋ፤ እስከ 1972 አልተመለሰም። በ2000 ደግሞ ዲፓ መህታ በልጅነታቸው ተድረው ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ታሪክ ቫራናሲ ላይ ልትቀርጽ ስትዘጋጅ ሁከተኞች ወረው ለቀረጻ የተሠራውን ሁሉ አወደሙ፤ ሥራው ቆመ። «ዋተር» ከዓመታት በኋላ ስሪላንካ ውስጥ ተቀርጾ በካናዳ ስም ለኦስካር ታጨ። የጋንጀስን ዳርቻ ታሪክ ወደ ሌላ አገር ወንዝ ያሰደዱት ሰዎች ናቸው መልሰው ፊልሙ የባዕድ ነው የሚሉት።

አሁን ወደሚያስደስተን ምሳሌ እንለፍ። በ1976 ሽያም ቤኔጋል «ማንታን»ን ሲሠራ ወጪውን የሸፈኑት የጉጃራት የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ናቸው፤ 500 ሺህ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ ከወተት ሽያጫቸው አዋጡ። ታሪኩ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወደ መንደር መጥቶ ማኅበር ለማቋቋም ሲሞክር የሚገጥመውን ይተርካል። የወተት ነጋዴው በርካሽ ገዝቶ ይከብራል፤ የመንደሩ ሹም ማኅበሩን የግሉ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ዳሊቶቹ ደግሞ ከባላባቱ ጋር እኩል ወረፋ ይዘን ወተታችንን እናስለካ ሲሉ መንደሩ ይታመሳል። የገበሬው ስስት፣ የካስት ንቀት፣ የባልና ሚስት ጥል አልተሸፈነም። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ገመናችን ወጣ አላሉም፤ በጭነት መኪና እየተጫኑ የራሳቸውን ፊልም ሊያዩ መጡ። ከዚያ ፊልሙ ወደ ሌሎች ክልሎች መንደሮች እየተወሰደ ይታይ ጀመር፤ ከፊልሙ ጋር የእንስሳት ሐኪምና የወተት ባለሙያ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ፊልሙን ያዩ ገበሬዎች እኛም እንደራጅ ሲሉ ባለሙያዎቹ እዚያው ነበሩ። ካን ፌስቲቫል የታደሰውን ቅጂ ያሳየው በ2024 ነው፣ ከ48 ዓመት በኋላ።

«ጃይ ቢም»ም የሚነሳው ከዚሁ ወገን ነው። በኅዳር 2021 የወጣው ይህ የታሚል ፊልም የሚከፈተው በእስር ቤት በር ላይ ነው። የተፈቱ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ኃላፊው እያንዳንዱን ካስትህ ምንድን ነው ይለዋል። የትልልቆቹ ካስት ሰው ሂድ ይባላል። የኢሩላሩና የሌላው ምስኪን ጎሣ ሰው ወደ ጎን ይቆማል፤ እዚያም ፈፃሚያቸው ላልታወቀ ስርቆቶች ተከሳሽ የጎደላቸው ፖሊሶች ቆመው ይጠብቁታል። በር ላይ የቆሙት ሚስቶች ባሎቻቸው ሲፈቱ አይተው፣ ዞር ሳይሉ እንደገና ሲታሰሩ ያያሉ። ታሪኩ በ1993 ታሚል ናዱ ውስጥ አንድ የኩራቫር ጎሣ ሰው በፖሊስ እጅ ከሞተበት እውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ነው፤ ሚስቱን ወክለው የተሟገቱት ኬ. ቻንድሩ በኋላ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። ፊልሙ በዝነኛ ተዋናይ፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ ለሕዝቡ ስለተሠራ፣ ለፈረንጅ ነው የሚለው ክስ የሚለጠፍበት ቦታ አላገኘም። ተነካን ያለ የካስት ማኅበር ግን ካሣ ጠየቀ፤ የተዋናዩ የሱርያ ቤት በፖሊስ እስከ መጠበቅ ደረሰ። የተቃውሞው ሥር የውጭ ሰው ማየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። ሱርያ ለኢሩላር ልጆች ትምህርት 10 ሚሊዮን ሩፒ ለግሷል፤ ጎሣው ያለበት ኑሮም የክልሉ መንግሥት መነጋገሪያ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የ«ካኩስ» ጉዳይ ነው። ዲቪያ ባራቲ በ2017 ያወጣችው ይህ ዘጋቢ ፊልም ታሚል ናዱ ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር በእጃቸው የሚያፀዱ ሠራተኞችን ይከተላል። ህንድ ይህን ሥራ በ1993 በሕግ ከልክላለች፤ በ2013 ሕጉን አጠናክራለች። የጠራጊዎቹ ማኅበር ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ከ1993 ወዲህ በፍሳሽ ጉድጓድ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ አንድ ሚሊዮን ሩፒ ካሣ ይከፈል ብሎ ወሰነ፤ በ2023 ወደ ሦስት ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ሕግ አለ፣ ፍርድ አለ፣ ሰው ግን አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ይሞታል። ባራቲ ያሳየችው ይህን ክፍተት ነው። ፖሊስ ፊልሙ እንዳይታይ አደረገ፤ እሷም በ2009 በተነሳ የቆየ ክስ ተያዘች፤ ማስፈራሪያ ዘነበባት። ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ለቀቀችው፤ ለሕዝቡ የደረሰውም በዚያ መንገድ ነው። ካን አልሄደም፤ ኦስካር አልታጨም። የፈረንጅ ጭብጨባን እንቃወማለን የሚሉት ባለሥልጣናት ይህን ፊልም ማሳደዳቸው ጥላቸው ከማን ጋር እንደሆነ ያሳያል።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የህንድ ፊልም በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ሲኒማ ቤቶች ሂንዲ የማይሰማ ተመልካች አልቅሶ የሚወጣበት ነበር፤ «የአገር ገጽታ» የሚለውን ክርክርም በራሳችን ቤት እናውቀዋለን። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያሳይ፣ የገዛ አገራችን ሰው እንዲያየው አልተደረገም። ኢትዮጵያውያን በቴሌቪዥን ያዩት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ ሲያሳየው ነው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ረሃቡ በጊዜው በአገር ውስጥ በግልጽ ቢነገር ኖሮ የሚተርፍ ሕይወት ነበር። ለስም ተብሎ ተደበቀና፣ ምስሉ ሲወጣ ሥልጣን ለሚፈልግ ሰው መሣሪያ ሆነ። የህንድ ባለሥልጣናት የዘጉትን በር ስናይ ዝም የማንለው ይህን ስለምናውቅ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችንን ለሚመለከታቸው እንናገራለን። የህንድ የፊልም ማረጋገጫ ቦርድ በፖሊስና በካስት ጉዳይ ፊልም መቁረጡንና መከልከሉን ያቁም፤ ሥራው የተመልካችን ዕድሜ መለየት ይሁን። «ሳንቶሽ»ም ሳይቆረጥ ይታይ። በ2025 ፌዴሬሽኑ ለኦስካር የመረጠው የኒራጅ ጋይዋን «ሆምባውንድ» እንኳ ቦርዱ ካስቆረጠው በኋላ ነው በአገሩ የታየው፤ ስለ አንድ ዳሊትና አንድ ሙስሊም ጓደኛሞች የሚተርክ ፊልም ለዓለም ሙሉውን፣ ለወገን ጎዶሎውን ማቅረብ ነውር ነው።

ለፊልም አዘጋጆች የምንለው ደግሞ ይህ ነው። አናንድ ፓትዋርዳን በ1985 ባወጣው «ቦምቤይ፦ አወር ሲቲ» ውስጥ፣ የጎዳና ጎጆዋ የፈረሰባት አንዲት ሴት ወደ ካሜራው ዞራ ትቆጣዋለች፤ ከመቅረጽ በቀር ምን ታደርጉልናላችሁ፣ ቤት ትሰጡናላችሁ ወይ ትላለች። ፓትዋርዳን ቁጣዋን ቆርጦ አልጣለውም፤ ፊልሙ ውስጥ ተወው። ሚራ ናይር «ሳላም ቦምቤይ»ን በ1988 ሠርታ ካን ላይ ስትሸለም፣ ከፊልሙ ገቢ የጎዳና ልጆችን የሚረዳ ሳላም ባላክ የተባለ ድርጅት አቋቁማለች፤ እስካሁን በሙምባይና በዴልሂ ይሠራል። ካባር ላሃሪያ የተባለውን ጋዜጣ የሚያዘጋጁት የገጠር ሴቶችም፣ ስለ እነሱ የተሠራው «ራይቲንግ ዊዝ ፋየር» በ2022 ለኦስካር ታጭቶ ሳለ፣ ፊልሙ የእኛን ሥራ ሙሉ መልክ አላሳየም ሲሉ በአደባባይ ጻፉ። ይህ መብታቸው ነው፤ የትኛውም አዘጋጅ እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ምስጋና ቢስነት ሊያየው አይገባም።

የአውሮፓና የአሜሪካ ገንዘብ ሰጪዎችና ፌስቲቫሎችም ከኃላፊነት አያመልጡም። ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ የሚመድቡትን ያህል፣ ፊልሙ በተቀረጸበት መንደር በመንደሩ ቋንቋ ለሚታይበት ፕሮጀክተር፣ ለአዳራሹ ኪራይ፣ ከፊልሙ በኋላ ተገኝቶ ለሰዎቹ ጥያቄ መልስ ለሚሰጥ ጠበቃም ይመድቡ፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ።